ከጉሎ ትል ሐር የአጥንት ስካፎልድ ይሠራል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጅማ ውስጥ የባዮሜዲካል ምህንድስና አምስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የጉሎ ቅጠል ከሚበላው የሐር ትል ፕሮቲኑን አውጥቼ ለተሰበረ አጥንት የሚሆን ስካፎልድ (ሕዋሶች የሚያድጉበት ስፖንጅ መሰል ድጋፍ) መሥራት አስቤያለሁ። ጉሎው በአጥራችን ዙሪያ ሞልቷል፤ አክስቴም ትሉን አርብታ ታውቃለች። ሐር ከብረት ይጠነክራል ስለሚባል አጥንቱን ተክቶ የሚሸከም መሰለኝ። አማካሪዬ ግን ‹ሐርን ሰውነት አይቀበለውም፣ የስፌት ክሩ እንኳ መግል ያስይዛል› ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው? ልተወው ወይስ ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ ከአማካሪሽ ነገር ልጀምር። እሳቸውን ካላሳመንሽ ሌላው ሁሉ ቀርቶ ፊርማም አታገኚም፤ ደግሞም ያዩትን ነው የተናገሩት።

ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተሽ «ሲልክ» ብለሽ ብትጠይቂ የሚያቀብሉሽ ጥቁር ክር ነው። ጠጋ ብለሽ ካየሽው አንድ ወጥ ክር አይደለም። ብዙ ቀጫጭን ክሮች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው፣ ጥቁር ቀለም ተነክረው፣ ሰም ወይም ሲሊኮን ተቀብተው ነው። በጉንጉኑ መሀል ያለው ክፍተት ለባክቴሪያ ጥሩ መደበቂያ ነው፤ ፈሳሽም በክሩ ላይ እንደ ኩራዝ ፈትል እየተሳበ ወደ ውስጥ ይገባል። ቋጠሮው አካባቢ መግል የሚይዘው በአመዛኙ በዚህ የተነሣ ነው። ያው ፕሮቲን በጠፍጣፋ ስስ ሽፋን ወይም በስፖንጅ መልክ ሲሠራ ያ ጉንጉን የለም።

ሌላው የቆየ ታሪክ ነው። ትሉ ኮኮኑን (ራሱን የሚጠቀልልበትን ጎጆ ማለቴ ነው) ሲሠራ ከአፉ ሥር ፋይብሮይን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ሁለት ክሮች ጎን ለጎን ይወጣሉ፤ ሴሪሲን የሚባል ሙጫ ደግሞ አጣብቆ ይሸፍናቸዋል። የሙልቤሪ ቅጠል በሚበላው ትል ላይ ከኮኮኑ ክብደት ከመቶ 70 እስከ 80 የሚሆነው ፋይብሮይን፣ ከ20 እስከ 30 የሚሆነው ሴሪሲን ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ሴሪሲኑ ያልወጣለት ጥሬ ሐር በተለይ ለዓይን ስፌት ይውል ነበርና በሽተኞች ላይ አለርጂ ታየ፤ የሐር ስም የጠፋውም ያኔ ነው። በኋላ ነገሩ ሲጣራ ሴሪሲን ብቻውን ያን ያህል ጥፋተኛ አልሆነም፤ የሰውነት መከላከያ የሚቆጣው ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ሙጫው በደንብ የታጠበለት ፋይብሮይን የሚያስነሣው ቁጣ ሌሎች በሕክምና የተለመዱ ፕላስቲኮች ከሚያስነሡት አይበልጥም። እንግዲህ ለአማካሪሽ የምትመልሺው «ሰውነት ይቀበለዋል» ብለሽ አይደለም፤ «ሴሪሲኑ መውጣቱን በዚህ በዚህ አረጋግጣለሁ» ብለሽ ነው። የምታረጋግጪበትን ርካሽ ዘዴ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

«አይበሰብስም» ካሉሽም አትደንግጪ። የአሜሪካው የመድኃኒት ደረጃ መጽሐፍ የሐር ስፌትን ከማይሟሙት ክሮች ጋር ይመድበዋል፤ መለኪያው ግን ክሩ በሰውነት ውስጥ ጥንካሬውን ከ60 ቀን በላይ መያዙ ነው። እንጂ ሐር ፕሮቲን ነው፣ ኢንዛይም ይበላዋል። በዓመት ውስጥ አብዛኛው ጥንካሬው ይሄዳል፣ በሁለት ዓመት ገደማ ደግሞ ክሩ ከገባበት ቦታ ፈልገሽ አታገኚውም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። «ከብረት ይጠነክራል» የሚለውን ከወረቀትሽ አውጪው። አባባሉ የተነገረው ስለ ሸረሪት ድር ነው፤ እሱም በክብደት ሲነጻጸር፣ ማለትም አንድ ግራም ድር ከአንድ ግራም ብረት ጋር ሲመዘን። (ሸረሪትን ማርባት ደግሞ የማይታሰብ ነው፤ አንድ ላይ ካስቀመጥሻቸው እርስ በርስ ይበላላሉ።) የሐር ትሉ ክር ሙጫው ከታጠበ በኋላ ከ600 እስከ 700 ሜጋፓስካል የሚደርስ ጉተታ ይችላል፤ በጣም ትልቅ ቁጥር ነው። ያ ግን የክሩ ጥንካሬ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው? አንቺ ስካፎልድ ለመሥራት መጀመሪያ የምታደርጊው ያበረውን ድር መበተን ነው። ክሩን በጨው ታሟሚዋለሽ፣ ትሉ በስንት ጥበብ ያሰለፈውን ሰንሰለት ታፈርሺዋለሽ፣ ከዚያ በራስሽ መንገድ መልሰሽ ታጋጥሚዋለሽ። ትሉ የሠራውን ያህል ግን ማንም መልሶ አልገጠመውም። በውሃ ከተሟሟ ፋይብሮይን በጨው ዘዴ የተሠራ ጥሩ ስፖንጅ ሲጨመቅ የሚችለው 300 ኪሎፓስካል (0.3 ሜጋፓስካል) ቢሆን ነው። ስፖንጃማው የአጥንት ክፍል ከ2 እስከ 12 ሜጋፓስካል ይችላል፤ ጠንካራው የአጥንት ቅርፊት ከ100 በላይ። ስለዚህ የጭን አጥንት የሚሸከም የሐር ስፖንጅ አትጻፊ። ወጌሻ በሽንበቆ ሲያስር ሸክሙ የሽንበቆው ነው አይደል? እዚህም ሸክሙ የብረት ሳህኑና የብሎኑ ይሁን፤ የአንቺ ሥራ ክፍተቱን መሙላትና ለሕዋሶች መቀመጫ መሆን ነው። ስካፎልድ የሚለው ቃልስ ከየት መጣ? በፎቅ ግንባታ ላይ የምታዪው የባሕር ዛፍ ርብራብ ነው፤ ፎቁን ርብራቡ አይሸከመውም። ግንበኛው ይቆምበታል፣ ሥራው ሲያልቅ ይነሣል።

ድሩን ሳይበትኑ የተጠቀሙም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ግሪጎሪ አልትማን፣ ዴቪድ ካፕላንና ባልደረቦቻቸው ሙጫው የታጠበለትን የሐር ክር እንደ ብረት ገመድ በደረጃ በደረጃ አክርረው ለጉልበት ጅማት ስካፎልድ የሚሆን ገመድ አቀረቡ። እዚያ ክሩ ክር ሆኖ ስለቆየ ጥንካሬው አብሮ ቆየ። ጥንካሬን ከፈለግሽ መንገዱ ያ ነው፤ ለአጥንት መሙያ ግን አያስፈልግሽም።

ታዲያ ጥንካሬው ከሄደ ሐር ምን ቀረው? እኔን እስከ ዛሬ ከሐር ጋር ያቆየኝ አንድ ጠባዩ ነው፤ ዕድሜውን አንቺ ትወስኚለታለሽ። የፋይብሮይን ትልቁ ሰንሰለት 390 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ ይመዝናል፤ 26 ኪሎዳልተን ከሚሆን ትንሽ ሰንሰለት ጋር በሰልፈር ድልድይ ተያይዟል። ከአሚኖ አሲዶቹ ከመቶ 45 ያህሉ ግላይሲን፣ 30 ያህሉ አላኒን፣ 12 ያህሉ ሴሪን ናቸው፤ ሦስቱም ትናንሾች ናቸው። ትንንሽ ስለሆኑ ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው፣ እንደ ታጠፈ ነጠላ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው ይቀመጣሉ። ይህ አደራደር ቤታ ሺት ይባላል፤ ውሃም ኢንዛይምም በቀላሉ አይገባበትም። የተደረበው ብዙ ከሆነ ስካፎልዱ ቀስ ብሎ ይበላል፣ ጥቂት ከሆነ ቶሎ። የምትቆጣጠሪው ደግሞ በአሠራርሽ ነው፤ በሜታኖል ብትነክሪው ብዙ ይደረባል፣ በውሃ እንፋሎት ብቻ ብታቆዪው ይቀንሳል። በአይጦች ላይ በተሠራ ጥናት በውሃ የተዘጋጁት ስፖንጆች ከ2 እስከ 6 ወር ውስጥ ተበልተው ሲያልቁ፣ ሄክሳፍሎሮአይሶፕሮፓኖል በሚባለው ኃይለኛ ሟሚ የተዘጋጁት ከዓመት በላይ ቆይተዋል። ትሉ ያው፣ ፕሮቲኑ ያው ነው። ሲበላ የሚተርፈውም አሚኖ አሲድና አጫጭር የፕሮቲን ቁርጥራጭ ነው፤ ፖሊላክቲክ አሲድ የሚባለው የሕክምና ፕላስቲክ ሲፈርስ አካባቢውን እንደሚያኮመጥጠው አያደርግም።

አሁን ቅር የሚልሽን ልንገርሽ፤ የጉሎው ትል ለዚህ ሥራ አይመችም።

አንቺ ያነበብሻቸው የአሠራር መመሪያዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የተጻፉት ለሙልቤሪው ትል፣ ለቦምቢክስ ሞሪ ነው። የጉሎው ትል፣ ኤሪ የሚባለው፣ ፋይብሮይኑ የተለየ ነው። አላኒን ይበዛዋል፤ አላኒኖቹ በረድፍ ተከታትለው ስለሚመጡ ድርድሩ በጣም የጠበቀ ነው። የሙልቤሪውን ሐር በ4 ሰዓት የሚያሟማው ሊቲየም ብሮማይድ የሚባል ጨው እዚህ ጋ ሲደርስ ይለግማል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ከጅማ ዙሪያ የተሰበሰበ የኤሪ ኮኮን ይዤ አንድ ሙሉ ቀን 60 ዲግሪ ላይ ጠብቄአለሁ፤ ማታ ላይ ያየሁት ያበጠና ያዘነ ክር ነበር። ያኔ ሊቲየም ብሮማይድ በስንት ልመና ነበር የሚገኘው!

ትሉን ግን ጨርሰሽ አትጣዪው። ኮኮኑ አንድ ጫፉ ክፍት ስለሆነ ቢራቢሮው ሳይሞት ይወጣል፤ ክሩም እንደ ጥጥ ይፈተላል እንጂ አንድ ወጥ ሆኖ አይመዘዝም። ስለዚህ ኤሪን አታሟሚው፣ ክር አድርጊው። ሙጫውን አጥበሽ፣ ደቃቅ አድርገሽ ቆርጠሽ፣ ከሙልቤሪው ትል በሠራሽው ስፖንጅ ውስጥ እንደ ጭድ አስገቢው። ጭቃ ያለ ጭድ ግድግዳ እንደማይሆን ታውቂያለሽ። ያበረው ድር ክሩ ውስጥ ሳይፈርስ ስለሚቆይ የስፖንጁ ጥንካሬ ምን ያህል ይጨምራል? ይሄ በአንድ ሴሚስተር የሚመለስ፣ የራስሽ የሆነ ጥያቄ ነው። የሙልቤሪውን ኮኮን ለማግኘት በሐር ትል ላይ ሲሠራ የቆየውን የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልን ጠይቂ። አክስትሽ ደግሞ ኤሪውን ታርባልሽ፤ ጎረቤት ጫት ላይ መድኃኒት የሚረጭ ካለ ግን ከዚያ በኩል ያለውን ጉሎ እንዳትቆርጥ። የነፍሳት መርዝ ለሐር ትል ምሕረት የለውም፣ በአንድ ቀን ጠዋት ሁሉንም ትሎች ረግፈው ታገኛለች።

ወደ ላቦራቶሪው እንግባ። የተለመደው መጠን 5 ግራም ኮኮን፣ 2 ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 4.24 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ኮኮኑን በመቀስ ከፍተሽ ሙሽሬውን አውጪ፤ ውስጥ የቀረ የትል ቆሻሻ ካለ ያን ቁራጭ ጣዪው፣ አትሳሺለት። በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ቆራርጠሽ በሚፈላው ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቀቅዪ፣ ከዚያ በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ በየ20 ደቂቃው እጠቢ፣ ጨምቀሽ አድርቂ።

መመሪያዎቹ የማይነግሩሽ ነገር ቢኖር ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ መቀመጧን ነው። እኛ ዘንድ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ በ94 ገደማ ነው የሚፈላው። ሽሮው ቢዘገይ ግድ የለም፣ ሴሪሲኑ ሲዘገይ ግን ከፊሉ ክሩ ላይ ሊቀር ይችላል፣ የአማካሪሽም ስጋት እውነት ይሆናል። «እንግዲያው አንድ ሰዓት ልቀቅለው» እንዳትዪ ደግሞ፤ ሲበዛ ሶዲየም ካርቦኔቱ ፋይብሮይኑን ራሱን መቆራረጥ ይጀምራልና ስፖንጅሽ ይልፈሰፈሳል። ሰዓትሽን ሳይሆን ሚዛንሽን እመኚ። ደረቁን ኮኮን መጀመሪያ መዝኚ፣ ታጥቦ ከደረቀ በኋላም መዝኚ። 5 ግራሙ ወደ 3.6 ግራም ከወረደ፣ ማለትም ከመቶ 25 እስከ 30 ከቀነሰ፣ ጥሩ ነው። 4.2 ላይ ከቆመ ሙጫው አለ፤ በአዲስ ሶዲየም ካርቦኔት ውሃ አምስት አምስት ደቂቃ እየጨመርሽ መዝኚ።

ቃል የገባሁልሽ ርካሽ ማረጋገጫ ፒክሪክ አሲድና ካርሚን የተቀላቀሉበት ማቅለሚያ ነው፤ ፒክሮካርሚን ይሉታል። ሴሪሲን ቀይ ይሆናል፣ ፋይብሮይን ቢጫ። የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ሰዎችን በትሕትና ከጠየቅሽ ሁለቱም ኬሚካሎች መደርደሪያቸው ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ፒክሪክ አሲድ ሲደርቅ የሚፈነዳ ነገር ስለሆነ እርጥብ መሆኑን ሳታረጋግጪ ጠርሙሱን አትክፈቺ።

ማሟሚያው 9.3 ሞላር ሊቲየም ብሮማይድ ነው፤ 60 ዲግሪ፣ 4 ሰዓት። ካላገኘሽ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ኤታኖልና ውሃ በሞል 1፣ 2፣ 8 እያደረግሽ ቀላቅዪ፤ በግራም 111፣ 92፣ 144 ይመጣል። ካልሲየም ክሎራይዱ ውሃ ያዘለ ዓይነት ከሆነ ያን ውሃ ከ144ቱ ላይ ቀንሺ። ኤታኖሉ የላቦራቶሪ ይሁን፤ አረቄ ይዞ የመጣብኝ ተማሪ ስላለ ነው። ይህ ቅልቅል ርካሽ ነው፣ ዋጋው ግን ሰንሰለቱን ከሊቲየም ብሮማይዱ በባሰ መቆራረጡ ነው። የተጠቀምሽውን በግልጽ ጻፊ፣ ቁጥርሽን ሊቲየም ከተጠቀሙ ሰዎች ቁጥር ጋር አታወዳድሪ።

ከዚያ ጨው የማውጣቱ ሥራ አለ፤ ብጥብጡን 3,500 ዳልተን በሚያሳልፍ የዳያሊሲስ ከረጢት ውስጥ አድርገሽ በተጣራ ውሃ ውስጥ ሁለት ቀን ታቆዪዋለሽ፣ ውሃውን ስድስት ጊዜ እየቀየርሽ። በመጨረሻ ከመቶ 7 ወይም 8 ፕሮቲን ያለው፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫማ ፈሳሽ ታገኛለሽ። በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። መብራት ከጠፋና ጄነሬተር ከሌለ አሥር ጊዜ ከፍተሽ አትዪው፤ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዛል።

በዚህ ፈሳሽ ላይ የደረሰብኝን ልንገርሽና ይሳቅብኝ። ሦስት ቀን የደከምኩበትን ብልቃጥ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው በባጃጅ ወሰድኩት። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፣ ባለ ባጃጁም ቸኩሏል። ስደርስ ፈሳሹ ደመና መስሏል፤ አልገባኝም፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። በማግሥቱ ብልቃጡን ብገለብጠው አይፈስም፤ ጄል ሆኗል። ፋይብሮይን ሲናጥ ሰንሰለቶቹ ይገናኛሉ፣ ቤታ ሺቱ ራሱን ይሠራል፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ወተት ሲናጥ ቅቤ ይወጣል፣ ሐር ሲናጥ ስካፎልድ ያለሰዓቱ ይወጣል። ሙቀትና አሲድም እንደዚያው ያደርጋሉ፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 4 ሲጠጋ በተለይ። ስለዚህ በእግርሽ ሂጂ፣ ብልቃጡን እንደ ተሞላ ስኒ ያዢው። ጄል መሆኑ ራሱ ሲፈለግ ደግሞ ጥቅም ነው፤ ሆን ብለው በአልትራሳውንድ አናውጠው ከመርጋቱ በፊት በመርፌ የሚሰጥ ጄል የሚያዘጋጁ አሉ።

ስፖንጁን ለመሥራት ፍሪዝ ድራየር (አቀዝቅዞ የሚያደርቅ መሣሪያ) አትፈልጊ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ፍሪዝ ድራየር ላይ መተማመን ናሙናን መቅበር ነው። የጨው ዘዴ መብራት አይጠይቅም፤ 2 ሚሊሊትር የፋይብሮይን ፈሳሽ በትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርገሽ፣ ዕቃውን ቀስ እያልሽ እያዞርሽ 4 ግራም የላቦራቶሪ ጨው (ሶዲየም ክሎራይድ) በላዩ ላይ ነስንሺበት። ክዳኑን ዘግተሽ 24 ሰዓት ተዪው። ጨው ፕሮቲኑን ሲያረጋው፣ ያልሟሟው የጨው ጠጠር ደግሞ ቦታ ይዞ ይቆያል። ከዚያ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ስታስቀምጪው ጨው ወጥቶ ቀዳዳው ይቀራል። የቀዳዳው ስፋት በጨው ጠጠር ስፋት ስለሚወሰን ጨውሽን ንፊ። ጤፍ ዱቄት የምንነፋበት ወንፊት አይሆንም፣ ልኩ አይታወቅም። የሲቪል ምህንድስና አፈር ላቦራቶሪ ሂጂና ቁጥር 30 እና ቁጥር 40 ወንፊት ተዋሺ፤ የመጀመሪያው 600 ማይክሮሜትር፣ ሁለተኛው 425 ነው። በ30ው አልፎ በ40ው ላይ የቀረውን ውሰጂ። ለአጥንት ሕዋሶችና ለደም ሥር መግቢያ ከ300 ማይክሮሜትር በላይ መሆኑ ይመረጣል፤ ወንፊቱን ግን ከአፈሩ በደንብ አጥቢ። የሱቅ ጨውም አይሆንም፣ አዮዲንና እንዳይጋገር የሚጨመር ነገር አለበት።

የኤሪውን ቁራጭ ክር የምትጨምሪው ጨው ከመነስነስሽ በፊት ነው። በክብደት ከመቶ 0፣ 5፣ 10 አድርገሽ ሦስት ቡድን ሥሪ። በእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አምስት ናሙና ይኑርሽ፤ ሁለት ናሙና ለክተሽ አማካይ ብትጽፊ ፈታኙ እዚያው ላይ ያቆምሻል።

ጀርም ማጥፋት ላይ ሐር ይታዘዝልሻል፤ ኮላጅን የሚባለው ሌላ ፕሮቲን በኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም በሚገድለው ዕቃ) ውስጥ ይፈርሳል፣ የሐር ስፖንጅ ግን 121 ዲግሪን ይችላል። እዚህም ከፍታው ይከተለናል። የግፊት መለኪያው የሚያነበው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፤ የጅማ አየር ደግሞ ከባሕር ዳርቻው ቀለል ይላል። ቴርሞሜትር በሌለው ኦቶክሌቭ 15 ፒኤስአይ ላይ ቆመሽ «121 ነው» ብትዪ እውነተኛው ሙቀት 118 ገደማ ነው። ለ121 ወደ 18 ፒኤስአይ ያስፈልግሻል፤ ዕቃው ያን ግፊት እንዲችል የተሠራ መሆኑን የተለጠፈበት የአምራቹ ሰሌዳ ላይ አንብቢ፣ ካልቻለ ጊዜውን አራዝሚና በአመልካች ቴፕና በስፖር አመልካች አረጋግጪ። አንድ ነገር ግን ኦቶክሌቭም አይነካውም፤ ባክቴሪያው ሞቶ የሚተወው ቅርፊት፣ ኢንዶቶክሲን። በቆየ የተጣራ ውሃ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ትኩሳትና ቁጣ ያስነሣል፣ ከዚያ ጥፋቱ በሐሩ ይላከካል። ውሃሽ በየቀኑ አዲስ ይሁን፤ ብርጭቆዎቹን በ250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት 30 ደቂቃ አቆዪ።

ምን ትለኪ? የጨመቃ ጥንካሬ፣ በሁለት በኩል፤ ደረቁንም በጨዋማ ውሃ የራሰውንም። የደረቀ ስፖንጅ ሁልጊዜ ጀግና ነው፣ በሰውነት ውስጥ ግን ደረቅ ነገር የለም። በኢንፍራሬድ መሣሪያ የሞገድ ቁጥሩ (በአንድ ሴንቲሜትር) ከ1620 እስከ 1630 ያለው ቦታ ላይ ጫፍ ካየሽ ቤታ ሺት ተሠርቷል፤ ከ1640 እስከ 1650 ላይ ከቀረ ገና ልቅ ነው። ፕሮቴዝ 14 የሚባለውን ኢንዛይም ካገኘሽ ክብደቱ በየሳምንቱ ስንት እንደሚቀንስ መዝኚ። የሕዋስ ባህል ክፍል ካላገኘሽ አትዘኚ፣ የአምስተኛ ዓመት ሥራ ያለሱም ሙሉ ነው። እንስሳ ላይ ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ አትሞክሪ፤ ሰው ላይ እንኳን ልትሞክሪ፣ «ትንሽ ብናደርግለትስ» ያለሽን ዘመድ እንዳትሰሚ።

ሳትጠይቂኝ አንድ ልጨምር። ይህ ሁሉ ከበዛብሽ አጥንቱን ተይና ቁስል መሸፈኛ ሥሪ። ከመቶ 2 የሚሆን የፋይብሮይን ፈሳሽ ፔትሪ ሳህን ላይ አፍስሰሽ ስታደርቂው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚላጥ ጥርት ያለ ስስ ሽፋን ይሆናል። ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ሥር ውሃ አስቀምጠሽ፣ አየሩን ስበሽ አንድ ሌሊት ብታቆዪው ውሃ የማያሟሟው ይሆናል፤ ሜታኖልም አያስፈልግም። የጆሮ ታምቡር ቀዳዳን በእንዲህ ያለ የሐር ሽፋን መድፈን በሰው ላይ ተሞክሯል። ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ የጀበና ውሃ የተደፋበት ሕፃን ስለማይጠፋ የቃጠሎ መሸፈኛም ለእኛ ሩቅ አይደለም። ክረምት ላይ ብቻ አትሥሪው፤ በጅማ ሐምሌ ሽፋኑ ሳይደርቅ ይሻግታል።

አማካሪሽ ዘንድ ስትመለሺ ወረቀት ብቻ ይዘሽ አትግቢ። ካልተቀቀለው ኮኮን አንድ ክር፣ ከተቀቀለው አንድ ክር በፒክሮካርሚን ንከሪና በነጭ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ለጥፊያቸው። ቀዩን አሳዪያቸውና «እርስዎ ያሉት ይሄንን ነው» በያቸው፣ ከዚያ ቢጫውን አሳዪያቸው።